ጎማ ያላት ቤት፤ በአሪዞና በረሓ ዐሥር ቀን

አንባቢ ሆይ፤ በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ የሚኖሩ ከሆነ፥ አልጋው ከመጽሐፍ መደርደሪያው፥ መደርደሪያውም ከቡታጋዙ ጋራ በቦታ እንዴት እንደሚጋፋ ለእርስዎ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። አሁን ደግሞ ያችን ክፍል ከነዕቃዋ ብድግ ያድርጉና በስድስት ጎማ ላይ አስቀምጠው በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ያስኪዷት። ሰሐኑ ምን ይሆናል? ስኒውስ? በባልዲ ያለው ውሃስ? ይህንኑ ጠዋትና ማታ የሚያስቡ ሰዎች የሚሰበሰቡባት አንዲት ከተማ አለች። በ2024 እ.ኤ.አ. በጥር ወር ሄጄ ዐሥር ቀን ተቀምጬባት ነበርና ያየሁትን ላጫውትዎ።

ከተማዪቱ ኳርትዝሳይት ትባላለች። በአሜሪካ አገር፥ በአሪዞና ግዛት፥ ከፊኒክስ ወደ ምዕራብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በበረሓ መካከል ትገኛለች። በ2020 እ.ኤ.አ. በተደረገው ቈጠራ የነዋሪዎቿ ቍጥር ከ2,400 ብዙም የሚበልጥ አልነበረም። በበጋቸው ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚያልፍ መንገደኛው ቤንዚን ቀድቶ ይሸሻል። ክረምት ሲገባ ግን (ክረምት ስል የእኛን ዝናም አያስቡ፤ ታኅሣሥንና ጥርን ማለቴ ነው) የሰሜኑን ብርድ የሸሹ ጡረተኞች፥ እነርሱ «አርቪ» የሚሉትን ቤት የተሠራበት መኪና እየነዱ በብዙ ሺሕ ይጐርፋሉ። አገሬው «የበረዶ ወፎች» ይላቸዋል።

ከከተማው በስተ ደቡብ ላ ፖሳ የሚባል ሰፊ የመንግሥት መሬት አለ። በዚያ ላይ ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ መኪናን አቁሞ መኖር ይፈቀዳል፤ ለብዙ ዓመታት የወቅቱ ሁሉ ዋጋ 180 ዶላር ነበር። ሰባት ወር ሙሉ በ180 ዶላር! መብራት የለም፤ ቧንቧ በየደጃፉ የለም፤ አጥርም የለም። ጠጠርና ቍልቋል፥ ከዚያም በላይ ሰማይ ነው።

በከተማው መቃብር ቦታ ከድንጋይ የተሠራ ትንሽ ፒራሚድ ቆሞ አየሁ፤ በጫፉም ላይ የግመል ምስል አለ። ግመል በአሜሪካ ምን ያደርጋል ቢሉ፥ ነገሩ እንዲህ ነው። በ1855 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ምክር ቤት በረሓውን የሚያቋርጡ ግመሎች ይገዙ ዘንድ ለጦር ሠራዊቱ 30,000 ዶላር ፈቀደ። በሚከተለውም ዓመት ግመሎቹ በመርከብ ቴክሳስ ሲደርሱ፥ ከነጂዎቻቸው አንዱ ሀጂ አሊ የሚባል ሰው ነበረ። አሜሪካኖቹ ስሙን መጥራት ቢያቅታቸው «ሃይ ጆሊ» አሉት፤ እርሱም በዚሁ ስም ኖሮ በ1902 እ.ኤ.አ. በኳርትዝሳይት ሞተ፤ ፒራሚዱ በ1935 እ.ኤ.አ. ቆመለት። ቤቱን በግመል ጭኖ የሚሄደውን የአፋርን ዘላን ለምናውቅ ለእኛ፥ የመኪና ዘላኖች በግመለኛ መቃብር ዙሪያ መስፈራቸው የሚያስደንቅ አልሆነብኝም።

እኔን ወደዚያ የወሰደኝ አጎቴ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሎስ አንጀለስ ኖረዋል፤ እዚያም የእኛ ምግብ ቤቶች የተሰበሰቡበትና በ2002 እ.ኤ.አ. «ትንሿ ኢትዮጵያ» የተባለው የፌርፋክስ ጎዳና ለቤታቸው ቅርብ ነበር። ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ዓመት የቤት ኪራያቸው ጡረታቸውን ሊበልጥ ጥቂት ቀረው። አጎቴ በአንድ ማታ እርሳስና ወረቀት ይዘው ተቀመጡ፤ ሲነጋ «አርቪ እንገዛለን» አሉ። ባለቤታቸው፥ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እትዬ የምላቸው፥ ለሦስት ቀን አላነጋገሯቸውም። በአራተኛው ቀን የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «መሶቤስ?»

መኪናው ሰባት ሜትር ርዝመትና ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ስፋት አለው። በሩ ግን ስልሳ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ለሠርጋቸው ከጎንደር የመጣው መሶብ በቁመቱም፥ በጎኑም፥ ተጋድሞም ተሞከረ፤ አልገባም። ዛሬ በሴት ልጃቸው ዘንድ በአደራ ተቀምጧል። እትዬ ስለዚህ ነገር ሲናገሩ ድምፃቸው እንደሚለወጥ አስተውያለሁ።

ከዕቃው ሁሉ በፊት የሚቀድመው የውሃ ነገር ነው። መኪናው 150 ሊትር የሚይዝ ጋን በሆዱ አለው። ተራ የገላ መታጠቢያ በደቂቃ 8 ሊትር ያህል ስለሚያፈስ፥ አንድ ሰው ሃያ ደቂቃ ሳይሞላው የሁለት ሰው የሳምንት ውሃ ይጨርሳል። ስለዚህ አጎቴ በመጀመሪያ የገዙት ዕቃ፥ እጀታው ላይ በአውራ ጣት የሚዘጋ ቍልፍ ያለበት የመታጠቢያ ራስ ነው። ገላን ማርጠብ፥ መዝጋት፥ ሳሙና መቀባት፥ ከፍቶ ማለቅለቅ፤ መርከበኞች የሚታጠቡት በዚህ ዓይነት ነው። እኔም በዐሥር ሊትር ውሃ ንጹሕ ሆኜ ወጣሁ። በአገሬ በጣሳ እየቀዳሁ በአንድ ባልዲ ስታጠብ ማደጌን ስነግራቸው እትዬ ሣቁና፥ «አጎትህ ይህን ለመማር አንድ ዓመት ፈጀበት» አሉኝ።

የሚወጣው ውሃ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፤ የእጅና የዕቃ እጣቢው «ግራጫ»፥ የመጸዳጃው «ጥቁር» ይባላል፤ ለየራሳቸውም ጋን አላቸው። ለመጠጥ የሚቀዱበት ቱቦ ነጭ ነው፤ ለቆሻሻው የሚያገለግለው ሌላ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ሣጥን ውስጥ አይቀመጡም። አጎቴ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም። ለቆሻሻው ቱቦ የሚያጠልቁት ወፍራም የጎማ ጓንት በደጅ በምስማር ተሰቅሎ አየሁ፤ ላነሣው እጄን ብዘረጋ ጮኹብኝ።

አሁን ወደ ማቀዝቀዣው ልምጣ፤ ከሁሉ ይልቅ እኔን ያስደነቀኝ እርሱ ነውና። ይህ ማቀዝቀዣ በእሳት ይሠራል። ከበስተ ኋላው ትንሽ የጋዝ ነበልባል አለች፤ እርስዋ በቱቦ ውስጥ ያለውን አሞንያና ውሃ ታፈላለች፤ አሞንያው ተንኖ እንደ ገና ወደ ፈሳሽነት ሲመለስና ሁለተኛ ሲተን በዙሪያው ያለውን ሙቀት ይወስዳል። የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ ድምፅም የለውም። ይህን የፈለሰፉት ባልትዛር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ የሚባሉ ሁለት ስዊድናውያን ሲሆኑ፥ በ1922 እ.ኤ.አ. በስቶክሆልም የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገና ተማሪዎች ነበሩ። ተማሪ የሆኑ አንባቢ ይህን ልብ ይበሉ! በየገጠሩ ጤና ጣቢያ ክትባት ያቆይ የነበረው በላምባ የሚሠራው ማቀዝቀዣም የዚሁ ወገን ነው።

ነገር ግን አንድ ጠባይ አለው፤ ዘንበል ማለትን አይወድም። መኪናው በጎን ካዘነበለ ፈሳሹ በቱቦው ውስጥ መውረድ ያለበትን ያህል አይወርድም፤ ነበልባሊቱ ባዶውን ቱቦ ታነድዳለች፤ ውስጡም እየደረቀ ይደፈናል፤ አንዴ ከተደፈነም አይድንም። ስለዚህ ለአጎቴ ከዕቃ ሁሉ የከበረው፥ ግንበኞች የሚይዙት ያው ውሃ ልክ ነው። አንድ ቦታ በደረሱ ቍጥር፥ ሞተሩን ሳያጠፉ፥ ውሃ ልኩን በማቀዝቀዣው ወለል ላይ ያጋድማሉ፤ አረፋው መካከል እስኪመጣ ድረስም ከጎማው በታች ጣውላ እያገቡ መኪናውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንቀሳቅሳሉ። ከሎስ አንጀለስ ተጭኖ የመጣው የአንድ ወር እንጀራ የሚኖረው በዚያች አረፋ ምሕረት ነው።

«ለምን እዚሁ አይጋገርም?» ይሉ ይሆናል። እኔም ጠይቄ ነበር። እትዬ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ምጣድ አላቸው፤ 1,500 ዋት ይበላል። በመኪናው ውስጥ ሁለት ባትሪ አለ፤ እያንዳንዱ 12 ቮልትና 100 አምፔር ሰዓት ነው። እንዲህ ያለው የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሹ በላይ መጠቀም ስለማይገባ፥ ለሁለቱ የሚተርፈው 1,200 ዋት ሰዓት ብቻ ነው። እንግዲህ ያካፍሉት! በሃምሳ ደቂቃ ውስጥ ምጣዱ ባትሪውን ሁሉ ውጦ ቤቱ ይጨልማል፤ በጣሪያው ላይ ያሉት ሁለት ባለ 100 ዋት የፀሐይ ሰሌዳዎችም ያን ለመመለስ ከአንድ ቀን በላይ ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ ከተማ ገብተው፥ 30 አምፔር የሚሰጥ የመብራት ምሰሶ ባለበት ግቢ አንድ ሌሊት ከፍለው ያድራሉ። ያ ቀን የእትዬ ቀን ነው። ምጣዱ ከአልጋው ሥር ይወጣል፤ ሊጡ ቀድሞ ተቦክቷል፤ የጎረቤት ፈረንጆችም በእንጀራው ዓይኖች እየተገረሙ ደጃፍ ላይ ይሰለፋሉ።

አንድ ነገር ግን በቀልድ የማልነግርዎ አለ። በመጀመሪያው ክረምታቸው፥ ሌሊቱ በጣም በበረደበት ጊዜ፥ እትዬ ቡና ሊያፈሉ ከሰል አቀጣጥለው ወደ ውስጥ አስገቡ፤ መስኮቱም ተዘግቶ ነበር። ከአልጋው አጠገብ በግድግዳው ላይ የተሰካች፥ የካርቦን ሞኖክሳይድን አየር የምትጠቁም፥ የመዳፍ ያህል ሣጥን አለች። እርስዋ ትጮኽ ጀመር። አጎቴ የተበላሸች መስሏቸው ሊነቅሏት ሲታገሉ፥ ጎረቤታቸው የነበረ አንድ ሽማግሌ ጩኸቱን ሰምቶ በሌሊት ልብሱ ሮጦ መጣና በሩን በርግዶ ሁለቱንም እየጎተተ አወጣቸው። እትዬ በጠጠሩ ላይ ተቀምጠው አስታወኩ፤ ራሳቸውን እስከ ማግስቱ አመማቸው። ይህ አየር ሽታ የለውም፤ መልክም የለውም፤ ከደም ጋራ ሲጣበቅ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበረታል፤ ሰው እንቅልፍ የመጣበት መስሎት ይተኛል። በእኛ አገር በጠባብ ክፍል ከሰል አስገብተው ተኝተው ያልነሡትን እናውቃቸዋለን። እርስዎም ማታ ሲያጠኑ ብርዱን በማንደጃ የሚከላከሉ ከሆነ፥ እባክዎ ከሰሉን ወደ ደጅ ያውጡት። እትዬ ዛሬ ቡናቸውን የሚያፈሉት በውጭ፥ ከጥላው ሥር ነው፤ ሣጥኒቱንም በየሳምንቱ ቍልፏን ተጭነው ይፈትኗታል።

ትንንሾቹን ዕቃዎች በአጭሩ ልጥቀስ። በመደርደሪያው ሁሉ ላይ እንደ ወንፊት የተበሳሳ የጎማ ጨርቅ ተነጥፏል፤ ስኒ በላዩ ላይ አይንሸራተትም። በቁም ሣጥኑ አፍ በሁለት ጫፉ የሚጠብቅ ዘንግ ይወጠራል፤ ያለ እርሱ ከመንገድ በኋላ በሩን የሚከፍት ሰው ቲማቲም ድልሁን በደረቱ ይቀበላል። አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ አራት ድስት አለ፤ በእንፋሎት ግፊት የሚያበስል ድስትም አለ፤ ምስሩን ቶሎ አብስሎ ጋዝ ያተርፋል። የሚታጠፍ ሳፋውን፥ በግንባር የሚታሰረውን ባትሪ፥ በበሩ ፊት የተነጠፈውን ሰሌን ወደድኩ። በከተማው ገበያ ግን ሰዎች የማያስፈልጋቸውን ሲገዙ አየሁ፤ ሰባት ዓይነት የሙዝ መስቀያ ቈጥሬአለሁ። አጎቴ ሕግ አላቸው፤ አንድ ዕቃ ሲገባ አንድ ዕቃ ይወጣል። እትዬ ሕጉን የሚያከብሩት የአጎቴን ዕቃ በማውጣት ነው።

ከሰፈሩት መካከል ለደስታ የመጡ ብዙ ናቸው፤ ቤት ኖሯቸው ክረምቱን ብቻ የሚያሳልፉ። ነገር ግን ማታ ከእሳቱ ዙሪያ ተቀምጠን ስንጫወት፥ ኪራይ፥ የሆስፒታል ዕዳ፥ ወይም ሞት ከቤታቸው ያስወጣቸው ጥቂት እንዳልሆኑ ሰማሁ። ይህን የሚያሳየው «ኖማድላንድ» የሚባለው ፊልም በ2021 እ.ኤ.አ. የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ የኦስካር ሽልማት አግኝቷል፤ ከፊሉም የተነሣው በዚሁ በረሓ ነው።

በመጨረሻው ቀን ማታ፥ ኤፕሪል 15 ሲደርስ ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቅኋቸው። አጎቴ በፍላግስታፍ ጥድ ስላለበት ከፍተኛ አገር አወሩኝ፤ በጋውን በዚያ ብናሳልፍ፥ አሉ። እትዬ ስኒ እያጠቡ ነበር።

«እኔ ትልቅ ቤት አልጠየቅሁም» አሉ፥ ፊታቸውን ሳያዞሩ፤ «መሶቤ የሚገባበት በር ይበቃኛል።»

አጎቴ መልስ አልሰጡም። እርሳሳቸውን ከኪሳቸው አውጥተው እንደ ገና መልሰው ከተቱት።

በማግስቱ ጠዋት እኔን ፊኒክስ ሊያደርሱኝ ተነሣን። አጎቴ በወረቀት የጻፉትን እያነበቡ መኪናውን ዞሩት፤ ጋዙ ተዘግቷል፤ ደረጃው ተሰብስቧል፤ ጣውላው ተነሥቷል፤ ቱቦው ገብቷል። እትዬ ደግሞ ሁለተኛዪቱን ጀበና (የመጀመሪያዪቱ ከሎስ አንጀለስ በወጡበት ቀን አንገቷ ተቀንጥሷል) በጋቢ ጠቀለሉና በዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ አስተኟት፤ በግራና በቀኝ ፎጣ ወሸቁላት። ከዚያም ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ቀበቷቸውን አሰሩ።

«በል ቀስ ብለህ ንዳ» አሉ።