ያልተባረረው አሠልጣኝ

ወደ ቦልደር የመጣሁት የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ገናና በነበረበት በ1990 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ባለ ምግብ ቤት ዕቃ አጥብ ነበር። ጨዋታ ባለ ቅዳሜ ከተማው ከማለዳ ጀምሮ ጥቁርና ወርቃማ ይለብሳል። ከተራራው ሥር ያለው ፎልሰም ፊልድ 50 ሺህ ያህል ሰው ይይዛል። ቡድኑ ሜዳ ሲገባ ራልፊ የምትባል እውነተኛ ጎሽ ከፊት ትለቀቃለች። ገመዷን የያዙትን ተማሪዎች እየጎተተች ስትሮጥ የሕዝቡ ጩኸት እኛ ወጥ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር።

ነባሮቹ የምግብ ቤቱ ሠራተኞች ግን ከድሉ ይልቅ አብዝተው የሚያወሩት ክፉውን ዘመን ነበር። ቢል ማካርትኒ ዋና አሠልጣኝ ሆኖ በመጣበት በ1982 ቡድኑ ሁለት ጨዋታ ብቻ አሸነፈ። በሁለተኛው ዓመት አራት አሸነፈ። በሦስተኛው፣ በ1984፣ አንድ አሸንፎ 10 ተሸነፈ። ሰው ሁሉ ስንብቱን ሲጠብቅ የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ኃላፊ ቢል ማሮልት ውሉን አራዘመለት።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ቦልደር በቃሉ ያውቀዋል። በሴፕቴምበር 1989 ኳርተርባኩ (ኳስ ወርዋሪው) ሳል አውኔሲ በ21 ዓመቱ በካንሰር ሞተ። በሳምንቱ ሲያትል ላይ ጓደኞቹ ከጨዋታው በፊት ሜዳው መሐል ተንበርክከው ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀሰሩ። በመደበኛው ውድድር በዚያ ዓመት ማንም አላሸነፋቸውም። በቀጣዩ የውድድር ዘመን ማብቂያ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1991፣ ኖተርዳምን በኦሬንጅ ቦውል 10 ለ 9 ረትተው የአገሪቱን ሻምፒዮንነት ከጆርጂያ ቴክ ጋር ተካፈሉ። አብረው ያደጉ፣ ጓደኛቸውን አብረው የቀበሩ ልጆች ነበሩ።

ያኔ ሁሉም ንጹሕ ነበር አልልም። በዚያው በ1990 ሚዙሪ ላይ ዳኞቹ ቆጠራ ስተው፣ አራት ሙከራ ብቻ በሚፈቀድበት፣ ለኮሎራዶ አምስተኛ ሰጡት፤ በእሷም 33 ለ 31 አሸነፈ። ያ ድል እስከ ዛሬ ያከራክራል። ዩኒቨርሲቲዎች ከተጫዋቾቹ ላብ ሚሊዮኖች ሲሰበስቡ ልጆቹ በስማቸው እንኳ ገንዘብ ማግኘት አይፈቀድላቸውም ነበር። በ2021 ይህ ክልከላ ሲነሣና ተጫዋች ያለ ቅጣት ትምህርት ቤት መቀየር ሲፈቀድለት ከልቤ ደስ ብሎኛል። መብታቸው ነው።

ያ በር ግን ለአሠልጣኞችም ተከፈተ። በ2022 ቡድኑ አንድ አሸንፎ 11 ተሸነፈ። በዲሴምበር የቀድሞው ኮከብ ዲዮን ሳንደርስ ዋና አሠልጣኝ ሆኖ መጣ። በመጀመሪያው ስብሰባ፣ ካሜራ እየቀረጸ፣ የራሱን ሻንጣ ይዞ እንደመጣ፣ ሻንጣውም ሉዊ ቪቶን እንደሆነ ለተጫዋቾቹ ነገራቸውና ትምህርት ቤት መቀየር የሚፈልጉ ወደሚመዘገቡበት ትራንስፈር ፖርታል እንዲገቡ መከራቸው። ቪዲዮውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ልጆቹ ዝም ብለው ያዳምጣሉ። ያን ሁሉ ሽንፈት በጫንቃቸው የተሸከሙት እነሱ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ከ80 በላይ አዲስ ተጫዋች ገባ።

ሴፕቴምበር 2 ቀን 2023 ኦሮራ ውስጥ ባለ ያገራችን ቡና ቤት ከእህቴ ልጅ ጋር ተቀምጠን ጨዋታውን አየን። ኮሎራዶ ያለፈውን ዓመት የፍጻሜ ተፋላሚ ቲሲዩን በሜዳው 45 ለ 42 አሸነፈ። የአሠልጣኙ ልጅ ሸዱር 510 ያርድ ወረወረ። ትራቪስ ሐንተር በማጥቃቱም በመከላከሉም ተሰለፈ።

«ጋሼ፣ አየህ? በአንድ ጨዋታ ተቀየርን!» አለኝ፤ በሳምንቱም እንደ አሠልጣኙ ጥቁር መነጽር ገዛ።

ሦስት ተከታታይ ድል ሆነ። ከዚያ ኦሪገን 42 ለ 6 ቀጣን። በኦክቶበር ስታንፎርድን 29 ለ 0 እየመሩ ዕረፍት ወጥተው 46 ለ 43 ተሸነፉ። የዓመቱ ሒሳብ አራት ድል፣ ስምንት ሽንፈት ሆነ። ሸዱር በዚያ ዓመት ከ50 ጊዜ በላይ ኳስ እንደያዘ መሬት ላይ ተጥሏል። ኳርተርባኩን የሚጠብቁት አምስቱ ግዙፎች አንዱ የሌላውን እርምጃ ሳያይ የሚያውቅበት ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ያን በአንድ ክረምት ሰብስቦ ማምጣት አይቻልም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።

በኖቬምበር መነጽሩ ቀርቶ ነበር። «ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ አይሆንም፤ ይባረር» አለኝ የእህቴ ልጅ። የ1984ን ነገርኩት።

«አሥር ተሸንፎ እንዴት አላባረሩትም?»

«ገና እየገነባ ነበራ።»

አላሳመንኩትም። የሚቀጥለው ዓመት ግን ለሳንደርስ መሰከረለት፤ በ2024 ዘጠኝ ድል መጣ፣ ሐንተርም ለዓመቱ ምርጥ የዩኒቨርሲቲ ተጫዋች የሚሰጠውን የሀይዝማን ሽልማት ወሰደ። ዩኒቨርሲቲው በማርች 2025 የ54 ሚሊዮን ዶላር የአምስት ዓመት ውል ሰጠው። ሁለቱ ከዋክብት፣ ሸዱርና ሐንተር፣ በሄዱበት በሦስተኛው ዓመት ሦስት አሸንፎ ዘጠኝ ተሸነፈ። የማካርትኒም ክፉ ዓመት ሦስተኛው ነበር።

ዛሬም ይባረር የሚሉ አሉ። እኔ ጊዜ ይሰጠው ባይ ነኝ፤ ቦልደር ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ግን ለእሱ የምንለምንለትን ጊዜ የ2022 ልጆች አላገኙም። አሁን በእጁ ካሉት መካከል ዘጠኝ ሽንፈት የተሸከሙ ልጆች አሉ። በሚቀጥለው የቡድን ስብሰባ ካሜራውን አስወጥቶ «አብረን እንቀጥላለን» ቢላቸው፣ ማሮልት ለማካርትኒ ያደረገውን ያህል ያደርግላቸዋል።