የወዳጆች ማኅበር የወሩ ጉባኤያት

በፊላደልፊያ ከተማ ዳር በልጄ ቤት ተቀምጬ ይህን ስጽፍ በፊቴ አንዲት ወረቀት አለች። የመጣችውም በሰፈራችን ካለው ከኩዌከሮች የመሰብሰቢያ ቤት ነው። በሚመጣው ወር በዚያ ቤት የሚደረገውን ሁሉ ቀኑንና ሰዓቱን ለይታ ታስታውቃለች። ስድስት ጉባኤ ተጽፎባታል። አምስቱን ከዚህ በፊት አይቻቸዋለሁ፤ ስድስተኛው ግን ገና የሚመጣ ነው፤ እርሱም ልቤን ሲመረምረው ሰንብቷል። ስለዚህ ነገሩን በተራ ልንገርህ።

ኩዌከር የሚባሉት በ17ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር የተነሡ ናቸው። መሪያቸው በ1624 ዓ.ም. የተወለደው ጆርጅ ፎክስ ነበረ፤ በዚህ ጽሕፈት ዓመቱን ሁሉ የምቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው። ራሳቸውን «የወዳጆች ማኅበር» ብለው ይጠራሉ። ኩዌከር ማለት ተንቀጥቃጭ ማለት ነው፤ ፎክስ በ1650 ዓ.ም. ከዳኛ ፊት ቀርቦ ሳለ በእግዚአብሔር ቃል ፊት ልትንቀጠቀጡ ይገባችኋል ቢል፥ ዳኛው ለመዘበት ያወጣው ስም ነው። ዘባቹ ተረሳ፥ ስሙ ግን ቀረ። በ1682 ዓ.ም. ወደዚህ አገር መጥቶ ይህችን ከተማ ያቀናት ዊልያም ፔንም ከእነርሱ ወገን ነበረ።

እነዚህ ሰዎች ቄስና ዲያቆን፥ ታቦትና የቍርባን ሥርዓት፥ የውሃ ጥምቀትም የላቸውም። ከ1902 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርታቸው በገባበት በኬንያ ያሉት ወገኖቻቸው በመዝሙርና በሰባኪ ያመልካሉ፤ የእኛ ሰፈሮቹ ግን የሚጸልዩት በዝምታ ነው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ በቅዳሴና በማሕሌት ያደግሁ ሰው ነኝና በሥርዓት ከእነርሱ ጋራ አንድ አይደለሁም። የምጽፈውም ሃይማኖታቸውን ለማስተማር ወይም ለመንቀፍ አይደለም፤ ያየሁትን ለመመስከር ነው እንጂ።

በወረቀቷ መጀመሪያ የተጻፈው የሰንበት ጸሎት ነው። ነገር ግን ሰንበትን በአገሩ ሰው ስም አይጠሩትም፤ «የመጀመሪያው ቀን፥ ከጧቱ በ4 ሰዓት» ይላል። ወሩንም «11ኛው ወር» ብለው ጽፈውታል። አባቶቻቸው የቀንና የወር ስም ከጣዖት ስም የተወሰደ ነው ብለው ስለ ጠሉት በቍጥር ይጠሩ ጀመር። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ፈገግ አልሁ፤ እኛስ በግዕዙ እሑድ፥ ሰኑይ፥ ሠሉስ፥ ረቡዕ፥ ሐሙስ እያልን ስንቈጥር አልኖርንምን? እነርሱ ታስረው ያተረፉትን ልማድ እኛ ከአባቶቻችን በርስትነት ወርሰን ሳናስተውለው እንኖራለን።

ወደዚያ ቤት መጀመሪያ የገባሁት ባለፈው ዓመት ነው፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እናገራለሁ። እንደ ልማዴ ወደ ምሥራቅ ዞሬ ልሰግድ ብሻ ምሥራቁን የሚያመለክት ነገር አጣሁ። ሥዕል የለ፥ መስቀል የለ፥ መጋረጃ የለ፤ ነጭ ግድግዳና ሰፋፊ መስኮት፥ ፊት ለፊት የተደረደሩ አግዳሚ ወንበሮችም ብቻ ናቸው። አርባ የሚያህል ሰው ገብቶ ተቀመጠ፤ ከዚያም በኋላ ማንም አልተናገረም። እኔ የሚጀምረውን ሰው ስጠብቅ ሩብ ሰዓት አለፈ፤ ነገሩ ከተጀመረ ቈይቶ እንደ ነበረ ያወቅሁት በኋላ ነው። አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ ጥቂት ቃል ተናግሮ ተቀመጠ። ማንም አልመለሰለትም፥ ማንም አላመሰገነውም። ሰዓቱ በተፈጸመ ጊዜ አንዱ የጎረቤቱን እጅ ጨበጠ፤ ሁሉም እርስ በርሳቸው ተጨባበጡ፤ መሰናበቻቸው ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ጸሓፊ የሚሉት ሹማቸው ተነሥቶ የሚመጡትን ጉባኤያት አነበበ።

ዝምታ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ማር ይስሐቅን ያነበበ ሁሉ አርምሞ ለመነኮሳት ምን ያህል የከበረ እንደ ሆነ ያውቃል። በቅኔ ቤትም ሳለን ከጧት እስከ ማታ በየዛፉ ሥር ተበታትነን፥ ራሳችንን በለምድ ሸፍነን፥ ማንም ማንንም ሳያናግር ቅኔ እንቈጥር ነበር። ነገር ግን ያ ዝምታችን ማታ በመምህሩ ፊት የምንናገረውን ለመውለድ ነበረ። የእነዚህ ሰዎች ዝምታ ምንም ሳይወልድ ቢቀር እንኳ ከንቱ ሆነ አይሉም። ይህ ነገር ለእኔ ከባድ ሆነብኝ።

ሁለተኛው ጉባኤ የምሳ ነው። በወር አንድ ጊዜ ከጸሎት በኋላ እያንዳንዱ ከቤቱ ምግብ ይዞ መጥቶ በአንድ ገበታ ያቀርባል። የሰንበቴና የጽዋ ማኅበር ያለው ሰው ይህን ቢያይ እንግዳ አይሆንበትም፤ ልዩነቱ ተረኛ አለመኖሩ ነው። ባለፈው ወር የጽጌ ጾም ነበረና ልጄ እንጀራና ምስር ወጥ ይዛ ሄደች። በየሳሕኑ አጠገብ በውስጡ ያለው ነገር ሁሉ በትንሽ ወረቀት ተጽፎ አገኘሁ፤ ሥጋ የማይበላው፥ ወተት የማይስማማው ሳይጠይቅና ሳያፍር ይመርጥ ዘንድ ነው። ጾመኛ መሆኔን ለማንም ሳልናገር ጾሜን ጠብቄ በላሁ።

ሦስተኛው የምክር ጉባኤ ነው፤ የማኅበሩን ገንዘብና ሥራ የሚቈርጡበት ነው። እንግዳ መሆኔን አይተው ብትወድ ተቀመጥ አሉኝና ተቀመጥሁ። እነዚህ ሰዎች በድምፅ ብልጫ አይቈርጡም። ጸሓፊው ጉዳዩን ያነባል፤ የወደደ ይናገራል፤ በንግግርና በንግግር መካከል ዝም ይላሉ፤ በመጨረሻው ጸሓፊው የሁሉ ልብ ያረፈበት የመሰለውን ጽፎ በዚያው ያነብላቸዋል፤ ሁሉም ከተስማሙ ተቈረጠ ማለት ነው። በዚያ ቀን የቤቱን ጣሪያ ስለ ማደስ ሲነጋገሩ ሠላሳ ሰው ተስማምቶ አንድ ሽማግሌ ልቤ አላረፈም አሉ፤ ነገሩም ለሌላ ወር ቀረ። በዚህች በፊቴ ባለችው ወረቀት ላይ የጣሪያው ነገር ለሦስተኛ ጊዜ ተጽፏል።

ይህን አይቼ አደነቅሁ፤ ነገር ግን ታሪካቸውን ባነበብሁ ጊዜ አድናቆቴ በኀዘን ተቀላቀለ። በ1688 ዓ.ም. ከዚህ ከተማ አጠገብ በጀርመንታውን አራት ሰዎች ሰውን ባሪያ አድርጎ መያዝ ኀጢአት ነው ብለው ጽፈው ለጉባኤው አቀረቡ። ጉባኤው ነገሩ ከበደን ብሎ አሳደረው። በኋላም ጆን ዉልማን የሚባል ልብስ ሰፊ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ወንድሞቹን በለሆሳስ ሲለምን ኖሮ በ1772 ዓ.ም. ሞተ። ጉባኤው ባሪያ የሚይዝ ሰው ከማኅበራችን ይለይ ብሎ የቈረጠው በ1776 ዓ.ም. ነው። ከ1688 እስከ 1776 ቢቈጠር 88 ዓመት ነው። የአንድ ሰው ልብ እስኪያርፍ መታገሥ መልካም ነው፤ ነገር ግን በዚያ ሁሉ ዘመን ዕረፍት ያጣው ባሪያው ነበረ። ሆኖም በቈረጡ ጊዜ ብዙ ሌሎች ገና አልቈረጡም ነበር፤ ይህንም አለመናገር ፍርድ ማጓደል ነው።

አራተኛው ስለ ሰላም መቆም ነው። በየዓርቡ ማታ ጥቂት ሰዎች በመንገድ ዳር ጽሑፍ ይዘው አንድ ሰዓት ዝም ብለው ይቆማሉ፤ ከመኪና ሆነው የሚሰድቧቸው አሉ፥ እጃቸውን የሚያነሡላቸውም አሉ። ጦር አንይዝም ማለት ከጥንት የጸና ትምህርታቸው ነው። ይህን የሚያህል መቆም ምን ይጠቅማል ብዬ በልቤ ናቅሁ፤ ነገር ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አገራችን ከፋሺስት ወረራ ነጻ ከወጣች በኋላ በ1942 ዓ.ም. የእንግሊዝ ኩዌከሮች ያቋቋሙት የሕክምና ቡድን መሣሪያ አንይዝም ያሉ 40 ፈቃደኞች ወደ ኢትዮጵያ ልኮ ሕመምተኛ ያስታምሙ ነበር። በ1947 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዙና የአሜሪካው የአገልግሎት ጉባኤያቸው የኖቤልን የሰላም ሽልማት በአንድነት ተቀብለዋል። እንግዲህ በመንገድ ዳር ዝም ብሎ የቆመ ሰው ሁሉ ሥራ ፈት አይደለም።

አምስተኛው የመቃብሩን ስፍራ ቅጠል መጥረግ ነው። የመቃብራቸው ድንጋይ ሁሉ ዝቅ ያለ ነው፤ የባለጸጋውና የድኻው አይለይም። ባለፈው ዓመት እኔም መጥረጊያ ይዤ ሄጄ ነበር፤ በዚያን ቀን ከአጠገቤ ይጠርጉ የነበሩት ጎረቤታችን ዛሬ በዚያው ስፍራ ተቀብረዋል። ስድስተኛውም ጉባኤ የእርሳቸው መታሰቢያ ነው፤ «በሦስተኛው ቅዳሜ፥ ከቀኑ በ8 ሰዓት» ይላል።

አሁን ያቈየሁትን ምክንያት ልናገር። ባለቤቴ በዚህ ከተማ ሁለት ዓመት ታማ ተኝታ ነበር። እኒህ ጎረቤታችን በየሐሙሱ ከቀትር በኋላ የሹራብ ሥራቸውን ይዘው ይመጡና ከአልጋዋ አጠገብ ይቀመጡ ነበር። እርሳቸው አማርኛ አያውቁም፥ እርስዋም እንግሊዝኛ አታውቅም። አንድ ሰዓት ተቀምጠው፥ እጅዋን ይዘው ተሰናብተው ይሄዳሉ። እኔ ግን በዚያ ቤት የቃል ባለጸጋ ነበርሁ። ጠያቂ በመጣ ጊዜ ስለ ሕመምዋ እተርካለሁ፤ ዳዊት እደግማለሁ፤ ስለ ትዕግሥት ምሳሌ እያመጣሁ አስተምራለሁ፤ ሰውም መሪጌታ እንዴት ያጽናናሉ እያለ ያመሰግነኝ ነበር።

አንድ ማታ ባለቤቴ ሐሙስ ስንት ቀን ቀረው? ብላ ጠየቀችኝ። የሐኪም ቀጠሮ መስሎኝ አይደለም አልኋት። እርስዋም «እኒያ ሴት ሲመጡ ዐርፋለሁ። እርስዎ እኮ ስለ እኔ ይናገራሉ እንጂ ከእኔ ጋራ አይቀመጡም» አለችኝ። ነገሩ ወጋኝና በጥቅስ መለስሁላት። እርስዋም ፊትዋን ወደ ግድግዳው መለሰች። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት አልቈየችም። ሙታን የማይመልሱት ክርክር ነውና እኔ ረታሁ፤ እንዲህ ያለውን መርታት ለጠላቴም አልመኘው። ከቀብርዋ በኋላ ወደዚያ ቤት የገባሁት እኒያን ሴት ላመሰግን ነበር።

መታሰቢያው በተነገረ ጊዜ ልጄ «አባባ፥ ይሄዳሉ? ወይስ እኔ ብቻዬን ልሂድ?» አለችኝ። የነፍስ አባቴን ብጠይቃቸው የጎረቤትን ለቅሶ መድረስ ከሥርዓታቸው መካፈል አይደለም፤ ሄደው ይቀመጡ፥ ጸሎትዎን በልብዎ ያድርሱ አሉኝ። የቸገረኝ ግን ይህ አልነበረም። በመታሰቢያቸው ሁሉም በዝምታ ይቀመጣል፤ ቃል የመጣለት ሰው ተነሥቶ ስለ ሟቹ ይናገራል። ይህን በሰማሁ ሌሊት ሳልጠራው ቅኔው መጣልኝ። ሹራባቸውን ሰም፥ ፍቅራቸውን ወርቅ አድርጌ ቤቱን ሞላሁት፤ ልጄ እንዴት እንደምትተረጕመው፥ ሰዎቹም እንዴት እንደሚያደንቁ ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ። ሲነጋ ብራናዬን አንሥቼ ልጽፈው ስል የባለቤቴ ቃል ትዝ አለኝ። እነሆ ደግሞ ስለ እርሳቸው ልናገር እንጂ ከእርሳቸው ጋራ ልቀመጥ አላሰብሁም። ብራናውን መልሼ አስቀመጥሁት።

እንግዲህ እሄዳለሁ። ቅኔ አዘጋጅቼ አልሄድም፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንዲህ ሳደርግ መጀመሪያዬ ነው። ልጄን ይዤ በመስኮቱ በኩል እርሳቸው ይቀመጡበት ከነበረው ወንበር አጠገብ እቀመጣለሁ። ተቀምጬ ሳለሁ የምስጋና ቃል ቢመጣልኝ እናገረዋለሁ፤ ባይመጣም ዝም ብዬ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ለባለቤቴ ልሰጣት ይገባኝ የነበረውን አንድ ሰዓት ለእርስዋ መስጠት አልችልም፤ በእርስዋ ፈንታ ለተቀመጡላት ሴት ግን ልከፍል እችላለሁ።

ወንድሜ ካህን ሆይ፥ አንተም የተማርህ የከተማ ሰው፤ ቃል ከእግዚአብሔር የተሰጠን ጸጋ ነውና አትናቀው። ነገር ግን ሕመምተኛ ልትጠይቅ በገባህ ጊዜ አስቀድመህ ወንበር ስበህ ተቀመጥ፤ ጥቅሱ አይጠፋብህም፥ በኋላ ታገኘዋለህ። እኔ ይህን የተማርሁት በዘገየ ጊዜ ነው። ወረቀቷን ከአልጋዬ በላይ ለጥፌአታለሁ፤ ቅዳሜ እስኪደርስ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ለሁለቱም ዕረፍተ ነፍስን ይስጥልን።