ግፊ ወይስ አምጪ?

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለው ተረት ዐዋቂን ላስተምር የሚለውን ደፋር ለመገሠጽ የሚነገር ነው። እኔም ያልወለድኩ የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ሆኜ ስለ ምጥ ብዕር ማንሣቴ ይህንኑ ተረት ሊያስጠቅስብኝ ይችላል። ሆኖም ተረቱ ራሱ አንድ ቁም ነገር ይዟል፤ ይኸውም በምጥ ነገር ዐዋቂዋ ያማጠችው ናት የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክርም ከዚሁ ይነሣል፦ በወሊድ ጊዜ ግፊቱ ፍሬ የሚሰጠው ወላዷ ሰውነቷን ስትከተል፣ ረዳቶቿም እሷን ሲከተሉ ነው።

በተማሪዎች ማኅበራት መጽሔቶች ላይ ስለ ሴቶች ጥያቄ ብዙ ቀለም ፈሷል። ስለ ሥራ፣ ስለ መሬት፣ ስለ ትምህርት ተከራክረናል። ሴት በገዛ ሰውነቷ ላይ ያላት ሥልጣን በግልጽ የሚፈተንበትን የወሊድ ሰዓት ግን ለአያቶቻችንና ለሐኪሞች ትተነዋል።

እዚህ ካልጋሪ፣ ብርዱ በበረታበት ወር፣ አንዲት ያገራችን ልጅ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ በአስተርጓሚነት አጠገቧ ነበርኩ። ባሏ የመግቢያ ፈቃድ እየጠበቀ አዲስ አበባ፣ እናቷ ደብረ ማርቆስ ነበሩ። ዘመድ ብላ የያዘችው «እቴ» የምትለኝን የኔን እጅ ብቻ ነው። የማኅፀኗ በር ዐሥር ሳንቲ ሜትር መከፈቱ እንደ ታወቀ፣ ነርሷ በጀርባዋ አስተኝታ፣ ትንፋሿን ይዛ እስከ ዐሥር ሲቆጠር እንድትገፋ አዘዘች። «ግፊ በያት» አለችኝ። ቃሉን እንዳለ አስተላለፍኩ። ያች ምስኪን ግራ በመጋባት አየችኝና «ምኑን?» አለች። ሕመም የሚያስታግሰው ኤፒዱራል ተሰጥቷት ስለ ነበር፣ ከወገቧ በታች የሚሆነው ሁሉ ርቋት ነበር።

ጥቂት ቆይቶ ተራ የቀየረችው ሌላ ነርስ የልጁ ልብ ምት ደኅና መሆኑን ካረጋገጠች በኋላ በጎኗ አስተኛቻትና ስሜቱ እስኪመለስ እንጠብቅ አለች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወላዷ ራሷ «መጣ! መጣ!» ስትል ጮኸች። እኔም «አምጪ፣ እቴ፣ አምጪ» አልኳት። በዚህ ጊዜ ትርጉም የጠየቀ አልነበረም። ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች።

በቋንቋችን «መግፋት» በርን፣ ጋሪን፣ ድኻንም ነው፤ «ግፍ» የቃሉ የቅርብ ዘመድ ነው። «አምጪ» ግን ሁለት አባት ያለው ቃል ነው። ከ«አማጠ» ቢወጣ ጣሪ፣ ተጣጣሪ ማለት ሲሆን፣ ከ«አመጣ» ቢወጣ ልጅሽን ይዘሽ ነይ ማለት ነው። በሁለቱም የሥራው ባለቤት ወላዷ ናት።

ሳይንሱም ወደዚሁ አዘንብሏል። ኡራጓያዊው ሐኪም ሮቤርቶ ካልዴይሮ-ባርሲያ ገና እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ ትንፋሽን ለረጅም ጊዜ አፍኖ መግፋት ለልጁ የሚደርሰውን ኦክሲጅን ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ፣ ወላዷ የራሷን የማማጥ ስሜት እንድትከተል፣ የሚመቻትን አቀማመጥ እንድትመርጥ፣ የመረጠችው ሰውም አጠገቧ እንዲሆን ይመክራል። ኤፒዱራል ለወሰደች፣ የልጁን ደኅንነት መከታተል በሚቻልበት ስፍራ፣ በሩ ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ በኋላ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ወይም ስሜቱ እስኪመለስ መጠበቅ ይገባል ይላል። ልጁን ለማስወጣት ሆድን ከላይ መጫንን ግን አይደግፍም።

አሠራሩም ለመረዳት አያስቸግርም። የልጁ ራስ ወደ ታች ወርዶ የዳሌውን ወለል ሲጫን የማማጡ ስሜት ራሱ ይመጣል። ወላዷ ምጡ ሲያይል አጠር አጠር አድርጋ፣ በመካከሉ እየተነፈሰች ታምጣለች፤ ምጡ ሲያልፍ ታርፋለች። የልጁ ራስ ብቅ ሲል፣ ገላዋ እንዳይቀደድ፣ ማማጡን ገታ አድርጋ ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች። ለመጀመሪያ ልጅ ይህ ምዕራፍ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ሰዓት፣ ለተከታዮቹ በሁለት ሰዓት ውስጥ ያልቃል።

ይህን ስል ያለፈውን ሁሉ ለማወደስ አይደለም። በሀገራችን ጎረቤት ተሰብስቦ «ማርያም! ማርያም!» እያለ፣ ወላዷ ተንበርክካ፣ የሴቶች ክንድ ደግፏት መውለዷ መመሪያው ዛሬ የሚመክረውን አጃቢና ነፃ አቀማመጥ የያዘ ነበር። ነገር ግን መንገዱ የተዘጋበትን ልጅ ማንም ሴት በብርታት አታወጣውም። ቀናት የፈጀ ምጥ ልጁን ገድሎ፣ እናቲቱን ሽንቷን መቆጣጠር ተስኗት ከሰው እንድትርቅ ያደርጋል። ካትሪንና ሬጂናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 መጥተው፣ በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ያቋቋሙት ለእነዚህ ሴቶች ነው። በ2007 የተከፈተው የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅም ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት ለመከላከል የታሰበ ነው።

በሀገር አቀፍ ጥናቶች መሠረት በጤና ተቋም የሚወለዱ ሕፃናት ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2005 ከመቶ 5 ሲሆን፣ በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ደግሞ ወደ 48 ከፍ ብሏል። በየጤና ጣቢያው ቡናና ገንፎ እንዲዘጋጅ መደረጉም የሚያስመሰግን ነው፤ ሴቲቱ ወደ ተቋሙ የምትመጣው ክብሯን በር ላይ አስቀምጣ እንዳልሆነ ያመለክታልና።

እንግዲህ በስደት ላለን ወገኖች ምን ይቀረናል? በአልበርታ ከ2009 ጀምሮ የአዋላጅ አገልግሎት በመንግሥት ወጪ ስለሚሰጥ፣ ፍላጎት ያላት እኅት ማርገዟን እንዳወቀች ትመዝገብ። ማኅበራችንም እንደ ሌላው ጉዳይ ሁሉ ለዚህም ተረኛ ይመድብ፤ ብቻዋን የምታምጥ ያገር ልጅ አትኑር። የሚመደበው ሰው የወላዷን ፈቃድ አስቀድሞ ይጠይቅ፣ ይያዝም፦ እንዴት መተኛት ትሻለች? ኤፒዱራል ትወስዳለች? ማን አጠገቧ ይሁን? ምጡ ሲጀምር ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ ለመናገር ጊዜም ትንፋሽም አይኖራትም። የሐኪሙን ቃል ወደ እሷ ማድረስ የአስተርጓሚው ግማሽ ሥራ ነው። ግማሹ ደግሞ የእሷን ቃል፣ «መጣ» ስትልም፣ «ቆዩኝ» ስትልም፣ ክፍሉ ውስጥ ላለው ሁሉ ማሰማት ነው።