የጉዲፈቻ ወንድም

ጉዲፈቻ የሚለውን ቃል ከኦሮምኛ ወስደን ሁላችንም እንጠቀምበታለን። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ሆነ የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጉዲፈቻን ልጅ እንደ ተወለደ ልጅ ይቆጥረዋል። በመሶብ ዙሪያ ግን ዳኛ የለም።

ወላጆቻችን የስድስት ዓመት ልጅ ሲያሳድጉ ታናሻችን «ይህ እንግዳ መቼ ይሄዳል?» ሲል ጠየቀ። እኛ ታላላቆቹ አንዱን ለማባበል ሌላውን መንሳት እንደማይገባ ተስማማን። ስለዚህ ታናሻችን በእናታችን ጐን ያለውን ቦታ አልተነጠቀም፤ አዲሱ በሌላው ጐን ተቀመጠ። ስሙን አልለወጥንበትም፤ ስለ ሟች እናቱ ሲያወራም ዝም በል አላልነውም። ማታ ማታ ዶሮ ማስገባቱን ለሁለቱ በአንድነት ሰጠናቸው።

ከወራት በኋላ የጎረቤት ልጅ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ሲያፌዝበት፣ ታናሻችን ቀድሞ «ወንድሜ ነው!» አለ።

ውሉን ፍርድ ቤት ያጸድቃል፤ ወንድምነትን ግን የሚያጸድቁት ልጆች ናቸው።