ሳጥኗ ስታቃስት

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አሁን፣ ይህን መጽሔት በያዛችሁበት ሰዓት፣ የልጃችሁ የመጀመሪያ ልደት ፎቶ የት እንዳለ ታውቃላችሁ? «ስልኬ ላይ» የምትሉ ትኖራላችሁ። የትኛው ስልክ? የዛሬው ነው ወይስ ታክሲ ውስጥ የተሰረቀው? እኔ ግን ከሁለት ወር በፊት ይህን ብትጠይቁኝ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምመልስላችሁ። «ሳጥኗ ውስጥ ነዋ!»

ሳጥኗ ሳሎናችን ጥግ፣ ራውተሩ አጠገብ የተቀመጠች ጥቁር ዕቃ ናት። ከወፍራም መዝገበ ቃላት ብዙም አትበልጥም። ባለሙያዎቹ «ናስ» ይሏታል፤ ከቤት ኔትወርክ ጋር የተያያዘች የፋይል ማከማቻ ማለት ነው። ሆዷ ውስጥ እያንዳንዳቸው 4 ቴራባይት የሚይዙ ሁለት ሃርድ ዲስኮች አሉ። ስልካችን፣ ላፕቶፓችን፣ ቴሌቪዥናችን ሁሉ የሚያስቀምጠውም የሚቀዳውም ከእሷ ነው።

መጀመሪያ ስትገጠም አንድ ምርጫ አቅርባልን ነበር። ሁለቱ ዲስኮች አንዱ የሌላው ግልባጭ ይሁኑ ወይስ ለየብቻ ይሥሩ? ግልባጭ ከሆኑ አንዱ ቢሞት ሌላው ይተርፋል፤ የምናገኘው ቦታ ግን 4 ቴራ ብቻ ነው። ለየብቻ ከሆኑ 8 እናገኛለን። ባለቤቴ አመነታ። እኔ ግን ቢዝነስ የተማርኩ ሰው ነኝ። «የ8 ከፍለን በ4 የምንጠቀመው ምን ሆነን ነው?» አልኩ። ጉዳዩ በዚያው ተዘጋ። ይህን የምነግራችሁ በኋላ የመጣው ጣጣ የማን ጥፋት እንደሆነ ከወዲሁ እንድታውቁት ነው።

«ዋይፋዩ ነው»

አባዬ በ2014 ዓ.ም. አረፈ። ሙት ዓመቱ ሲቃረብ እማዬ እኛ ቤት ትመጣና ቡና እየተፈላ የሰርጋችንን ቪዲዮ ታስከፍታለች። ሙሽሮቹን ለማየት አይደለም። የአባዬን ምርቃት ለማየት ነው። ጉልበቱን ስመን ስንነሳ ምርቃቱን ይጀምርና መሃል ላይ ድምፁ ይታነቃል። ዓይኑን በነጠላው ጫፍ ይጠርግና «ቆይ፣ ትንኝ ገባብኝ» ይላል። ድንኳኑ በሙሉ ይስቃል። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ማንም ሰው ዕንባው ሲመጣ ትንኝ ነው የሚገባበት።

የዘንድሮው እሑድም እንደዚያው ጀመርን። ቪዲዮው ምርቃቱ ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ። ባለቤቴ «ዋይፋዩ ነው» ብሎ ራውተሩን አጥፍቶ አበራው። እንደገና ከፈትነው፤ እዚያው ቦታ ላይ ቆመ። እማዬ «ይሁን፣ ሌላ ቀን» ብላ ፊቷን ወደ ረከቦቱ አዞረች።

ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ላፕቶፔን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኘሁ። ያው ነው። ሌላ ፊልም ከፈትኩ፤ ያለ ችግር ሄደ። እዚህ ላይ ነው መጠርጠር የጀመርኩት። ችግሩ የኔትወርክ ቢሆን ኖሮ አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ይቆም ነበር። ሁልጊዜ በአንድ ፋይል አንድ ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ ግን ጥፋቱ መንገዱ ላይ ሳይሆን መጋዘኑ ውስጥ ነው። ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ጆሮዬን ወደ ሳጥኗ አስጠጋሁ። ቀጭ… ዝም… ቀጭ… ቀጭ… ዝም።

ሃርድ ዲስክ ውስጥ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚዞሩ ሳህኖች አሉ። የሚያነበው ጭንቅላት ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፈው ከሰው ፀጉር ውፍረት በብዙ ሺህ እጥፍ ባነሰ ከፍታ ላይ ነው። የሚፈልገውን ሲያጣ ወደ መነሻው ተመልሶ እንደገና ይሞክራል። ያ «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ብዙ ጊዜ ይኸው መመላለስ ነው።

ኢሜይሌን ስከፍት ደግሞ ሳጥኗ ከሦስት ሳምንት ጀምሮ «ዲስክ 2 ላይ ማስጠንቀቂያ አለ» እያለች ስትጽፍልኝ እንደነበር አየሁ። አራት መልእክት ልካለች፤ አንዱንም አልከፈትኩትም። እኔ ማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ፤ ደመወዝ የሚከፈለኝ ሰዎች መልእክት እንዲከፍቱ ለማድረግ ነው።

መጀመሪያ መገልበጥ

በማግስቱ ለመሥሪያ ቤታችን የአይቲ ባለሙያ ነገርኩት። እኔ ስለ ምርመራ እንዲነግረኝ ስጠብቅ እሱ እጁን አነሳ። «እህቴ፣ እንዳትመረምሪው! መጀመሪያ ገልብጪ። ረጅሙ ምርመራ ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያስነብበዋል። የቀረችውን አቅም ለምርመራ ከምታባክኚያት የልጆችሽን ፎቶ አውጪባት።»

ሁለት ነገር አክሎ አስጠነቀቀኝ። አንደኛ፣ እየደጋገምን እንዳናጠፋና እንዳናበራ፤ ለደከመ ዲስክ መነሳት ራሱ ከባድ ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ ማንም «ከፍቼ ልየው» ቢል እንዳንፈቅድ፤ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ሳህኑን ልትፍቀው ትችላለች። ኢንተርኔት ላይ «ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት» የሚለውንም ምክር እንዳትሰሙ። ሲወጣ ያልበዋል፤ እርጥበቱ ይጨርሰዋል።

በዚያው ቀን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገዝቼ ገባሁ። ሁሉንም በአንዴ ጎትቼ አልገለበጥኩም፤ በቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የልጆቹ ልደት፣ ከዚያ ሰርጋችን፣ ቀጥሎ የቤት ካርታና የልደት ሰርተፍኬት ቅጂዎች፣ ፊልሞቹ መጨረሻ። ሁለት ሌሊት ፈጀ። ልጆቼ ሲያስሉ እንደምነቃው ሁሉ፣ በዚያች ሳጥን ድምፅ እየነቃሁ አደርኩ።

አንድ በአንድ ስናረጋግጥ 37 ፎቶዎች አልተነበቡም። ከቪዲዮዎቹ ያልተገለበጠው አንድ ብቻ ነበር። የትኛው እንደሆነ መናገር ያለብኝ አይመስለኝም።

የጤና ሰሌዳው

መገልበጡ ካለቀ በኋላ ነው ምርመራው የተጀመረው። ሃርድ ዲስኮች የራሳቸውን ሁኔታ የሚመዘግቡበት «ስማርት» የሚባል አሠራር አላቸው። በኮምፒውተራችሁ ብሮውዘር ወደ ሳጥናችሁ ገጽ ገብታችሁ የዲስክ ጤና የሚለውን ስትከፍቱ ታገኙታላችሁ። በቁጥር የተሞላ ሰንጠረዥ ነው፤ አትደንግጡ። እኔ የገባኝ በሒሳብ አያያዝ ቋንቋ ስተረጉመው ነው።

ዲስኩ ለማንበብ ተቸግሮ ውሳኔ ያልሰጠባቸው ቦታዎች «በእንጥልጥል ያሉ ሴክተሮች» ይባላሉ። እነዚህ አጠራጣሪ ተሰብሳቢዎች ናቸው፤ ገንዘቡ ሊመጣም ላይመጣም ይችላል። ተስፋ ቆርጦ በመጠባበቂያ ቦታ የተካቸው ደግሞ «የተተኩ ሴክተሮች» ናቸው። እነዚህ ከመዝገብ የተሰረዙ ዕዳዎች ናቸው። ሦስተኛው የግንኙነት ስህተት ቁጥር ነው። እሱ ብቻውን ከፍ ካለ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዲስኩ ሳይሆን የመልእክተኛው፣ ማለትም የኬብሉ ወይም የመሰኪያው ነው።

ሰኞ ዕለት በዲስክ 2 ላይ በእንጥልጥል ያሉት 8፣ የተተኩት 0፣ የግንኙነት ስህተቱም 0 ነበር። አጭሩን ምርመራ አስጀመርኩ፤ በሁለት ደቂቃ «አልፏል» አለኝ። አጠቃላይ ውጤቱም «ደህና» ይላል። እፎይ ልል ስል ባለሙያው አቆመኝ። «ደህና» የሚለው ቃል ቁጥሮቹ አምራቹ ያስቀመጠውን ወለል እስኪያልፉ አይለወጥም። አጭሩ ምርመራም የሚያየው ከዲስኩ ጥቂቱን ነው።

በሌላ በኩል ተስፋም ነበር። እንደኛ ሰፈር መብራት ድንገት እየሄደ በሚመጣበት ቦታ፣ ዲስኩ እየጻፈ ሳለ ኃይል ቢቋረጥ ያ ቦታ ሳይነበብ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያለው ቁስል አዲስ ነገር ሲጻፍበት ይድናል፤ ቁጥሩም ወደ 0 ይመለሳል። ታዲያ የሚሞተውን ዲስክ ከቆሰለው በምን እንለየው? ባለሙያው ያለኝ ቀላል ነው። «ቁጥሩን አትዪ፣ አካሄዱን እዪ።»

ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀት ለጠፍኩ። ሰኞ 8። ረቡዕ 8። ዓርብ 40፤ የተተኩትም 16 ሆኑ። እሑድ 136፤ የተተኩት 64። የመጀመሪያ ክፍል ተማሪው ልጄ «እማዬ፣ የማን ውጤት ነው?» ሲለኝ «የሳጥኗ» አልኩት። «ጎበዝ ናት፣ ጨምራለች» አለ።

ዲስኩ ላይ ከመፍረዳችን በፊት ሁለት ተጠርጣሪዎችን ነጻ አወጣን። የኃይል አስማሚው ቢደክም ዲስኩ በቂ ኃይል አጥቶ ያንኑ የ«ቀጭ» ድምፅ ሊያሰማ ይችላል፤ ተመሳሳይ አስማሚ ተውሰን ሞከርን፣ ለውጥ የለም። ከዚያ ሳጥኗን አጥፍተን የሁለቱን ዲስኮች ቦታ አቀያየርን። ችግሩ ቦታው ላይ ቢቀር ሳጥኗ ናት፤ ዲስኩን ቢከተል ዲስኩ ነው። ዲስኩን ተከተለው። መጨረሻ ላይ ሰዓታት የሚፈጀውን ረጅሙን ምርመራ አስጀመርን፤ ገና 30 በመቶ ላይ ማንበብ አቅቶት ቆመ። ፍርዱ ተሰጠ። ዋስትናውም ካለፈ ወራት ተቆጥረዋል።

እኛ ቢያንስ ማስጠንቀቂያ ደርሶናል። ጉግል ከ100,000 በላይ ዲስኮቹን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጥናት፣ ከተበላሹት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዋና ከሚባሉት አራት ምልክቶች አንዱንም ሳያሳዩ ነው የሞቱት። ሰሌዳው ንጹሕ ነው ማለት ዲስኩ ነገ ይነሳል ማለት አይደለም።

ትንኟ

ለእማዬ እንዴት እንደምነግራት ሳስብ አንድ ሳምንት አለፈ። የቪዲዮ አንሺው ስልክ አይሠራም። በመጨረሻ ሲልቨር ስፕሪንግ ለምትኖረው የአባዬ እህት ደወልኩ። ላማክራት እንጂ ሌላ ተስፋ አልነበረኝም። ታሪኩን ሰምታ «ምርቃቱን ነው?» አለችኝ። «የኔ እናት፣ እሱማ እኔ ዘንድ አለ። ለሰርግሽ ቪዛዬ ሳይደርስ ቀርቶ አልቅሼ በማግስቱ ላኪልኝ ያልኩሽን ረሳሽው? ወንድሜ ሲናፍቀኝ የማየው እሱን አይደል?»

ከአሥር ደቂቃ በኋላ በቴሌግራም ደረሰኝ። ምስሉ ደብዛዛ ነው፤ ለመላክ ተብሎ ተጨምቋል። ግን አባዬ አለ፣ ነጠላው አለ፣ «ቆይ፣ ትንኝ ገባብኝ» አለ፣ ሳቁም አለ። የ8 ቴራባይት ሒሳቤ ያጠፋውን፣ አንዲት ሴት ናፍቆቷ አስቀምጦልኛል።

ታዲያ አሁን ምን አደረግን? አዲስ ዲስክ ገዝተን ሁለቱን ግልባጭ አደረግናቸው፤ በ4 ቴራችን እየኖርን ነው። ይህ ግን ባክአፕ አይደለም፤ ልጄ አንዱን ፋይል ቢሰርዝ ከሁለቱም ይጠፋል። ስለዚህ ባለሙያዎች 3፣ 2፣ 1 የሚሉትን ያዝን፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ኤክስተርናሉ እማዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ለቡና ስንሄድ እናድሰዋለን። በጣም የምንሳሳላቸው ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ተቀምጠዋል። መብራት ሲሄድ ሳጥኗ በሥርዓት እንድትዘጋ ዩፒኤስ አስገባንላት። አሮጌው ዲስክ ሰነዶቻችን ስላሉበት ለማንም አልሰጠነውም፤ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። የሳጥኗን ኢሜይልም በመጣ ሰዓት እከፍታለሁ።

ለሙት ዓመቱ እማዬ መጣች። ደብዛዛውን ቪዲዮ ቴሌቪዥኑ ላይ ከፈትኩላትና ስለ ጥራቱ ይቅርታ ልጠይቃት ስል በእጇ ዝም አሰኘችኝ። እስከ መጨረሻው አየችው። ከዚያ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች።

«ቆይ» አለች፤ «ትንኝ ገባብኝ።»

ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ቴሌቪዥኑን አጥፉና እናንተም ጆሯችሁን ወደ ሳጥናችሁ አስጠጉ። ሳጥን ከሌላችሁ፣ ወደዚያ አሮጌ ላፕቶፕ። ከዚያ የምትሳሱለትን አንድ ቪዲዮ ምረጡና ሩቅ ላለ ዘመድ ላኩለት።