ባዶው ሚዛን

ዲላ ገበያ ሽንኩርት ስገዛ፣ ነጋዴዋ ከመመዘኗ አስቀድሞ «እስቲ ባዶውን አሳዪኝ» የማለት አመል ስላለብኝ፣ ባለቤቴ በነገሬ እያፈረች የማታውቀኝ መስላ ፈንጠር ብላ ትቆማለች። የዚህን አመል ጥንተ ነገር ስመረምር የማገኘው፣ የተማረ ሰው ሊመካበት የሚገባውን የፊዚክስ መጽሐፍ ሳይሆን፣ ፊደል ያልቆጠረችውን አያቴን ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለን መምህራችን አንድ ከረጢት ጀንፈል ይዘው መጡና፣ አምስት ተማሪዎች በባለ መንጠቆ ሚዛን ተራ በተራ እንድንመዝን፣ ዐይናችን ያየውንም ብቻ እንድንጽፍ አዘዙን። አራቱ 5.2፣ 5.3፣ 5.2፣ 5.1 ኪሎ ብለው ጻፉ፤ እኔ ግን መርፌው 5.4 ላይ ቆሞ እያየሁት፣ ከማኅበሩ መለየትን ፈርቼ 5.2 አልኩ።

ኋላ እንዳነበብኩት ይህ ኃጢአት የእኔ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1792 ጀምሮ የሜትርን ርዝመት ለመወሰን ከደንከርክ እስከ ባርሴሎና ምድርን ከለኩት ሁለት ፈረንሳውያን ሊቃውንት አንዱ፣ መሼን፣ ባርሴሎና ላይ በከዋክብት ያወጣቸው ልኬቶች እርስ በርሳቸው አልስማማ ቢሉት፣ ልዩነቱን ሰውሮ፣ በ1804 እስኪሞት ድረስ ሕሊናው ሲወቅሰው ኖረ፤ ምስጢሩንም ባልንጀራው ደላምብር ከወረቀቶቹ መካከል አገኘው። የሚያሳዝነው፣ ሜትር ከታሰበላት 0.2 ሚሊሜትር ያህል ማጠሯ በአብዛኛው የምድር ቅርጽ እንደ ተገመተው ሆኖ ባለመገኘቱ እንጂ በዚያ ምስኪን ጥፋት አልነበረም።

ወደ ክፍላችን እንመለስና፣ አማካዩ 5.2 ሆኖ ሲወጣ፣ ደስታችን፣ በተለይም የእኔ፣ ወሰን አጣ። መምህራችን ምንም ሳይናገሩ ከረጢቱን ከመንጠቆው ቢያወርዱት፣ መርፌው ዜሮ መድረስ ተስኖት 0.4 ላይ ቆመ። አምስታችንም ተስማምተን ተሳስተናል፤ ባዶውን ሚዛን ለማየት ግን ያሰበ አልነበረም።

አያቴ ይርጋጨፌ እሸት ቡና ልታስረክብ ስትሄድ፣ ሸክሟን ከጀርባዋ ሳታወርድ፣ ለመዛኙ በጌዴኦኛ «ልጄ፣ መጀመሪያ ባዶውን አሳየኝ» ትል ነበር። የቡና ፈረሱላ 17 ኪሎ ነውና፣ መርፌው በየምዘናው ግማሽ ኪሎ ቢሰርቅ፣ በ34ኛው ላይ አንድ ሙሉ ፈረሱላ ይጠፋል፤ ይህን ሒሳብ በቁጥር ባታውቀውም በጀርባዋ ታውቀዋለች።

አያቴ ዘንድ በሄድኩ ዕለት ማታ፣ ክፍል ውስጥ ያየሁትን ታላቅ የሳይንስ ምስጢር በኩራት ባወራላት፣ ቡናውን መቅዳቷን ሳታቋርጥ፣ «እና ይህን ለማወቅ ነው ዲላ ድረስ ቤት የተከራየንልህ?» አለችኝ።