ጨው ጥንድ አያውቅም

አቶሞች እንዴት እንደሚተሳሰሩ ለጀማሪ ሲነገር ምሳሌው ብዙ ጊዜ ጨው ነው። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሁለት ክብ ይስላል፤ አንዱ 11 ኤሌክትሮን ያለው ሶዲየም፣ ሌላው 17 ኤሌክትሮን ያለው ክሎሪን። ከሶዲየም የውጨኛ እርከን አንዷን ኤሌክትሮን በቀስት ወደ ክሎሪን ይሰዳታል። ሰጪው ፖዘቲቭ፣ ተቀባዩ ኔጋቲቭ አዮን ይሆናሉ፤ ይሳሳባሉ። ሶዲየም ለጋስ፣ ክሎሪን ችግረኛ ተብሎ ይተረካል። ትረካው ለልጅ አእምሮ ይመቻል፤ የጨውን ትልቁን ቁም ነገር ግን ይሸፍናል።

ሶዲየም ለጋስ አይደለም። በጋዝ መልክ ካለ አንድ ሞል ሶዲየም፣ ማለትም ከ23 ግራም፣ ከየአቶሙ አንድ አንድ ኤሌክትሮን ለመንጠቅ 496 ኪሎጁል ጉልበት ይጠይቃል። ክሎሪን እነዚያን ኤሌክትሮኖች ሲቀበል የሚለቀው 349 ኪሎጁል ነው። ሒሳቡ 147 ይጎድላል። ተራርቀው ሳሉ መስጠትና መቀበሉ ብቻውን ኪሳራ ነው። ዕዳውን የሚከፍለው መቀራረባቸው ነው፤ የተራራቁት አዮኖች ተሰብስበው ጠጣር ጨው ሲሆኑ 787 ኪሎጁል ይለቀቃል።

የመሰባሰቡ ቅርጽ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። ወጣቱ ዊሊያም ሎረንስ ብራግ ጨውን በኤክስሬይ ሲመረምር እያንዳንዱ ሶዲየም በስድስት ክሎሪን፣ እያንዳንዱም ክሎሪን በስድስት ሶዲየም ተከቦ አገኘው። «ይህ ሶዲየም የዚያ ክሎሪን ነው» የሚባል ነገር የለም። አንጋፋው እንግሊዛዊ ኬሚስት ሄንሪ አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1927 ይህን በጽሑፍ አጥብቆ ተቃወመ፤ የለመደው ጥንድ ሲፈርስበት አላስቻለውም። ግን የፈረሰው ጥንዱ እንጂ ትስስሩ አልነበረም። በዚያው ርቀት ብቻቸውን ከሚቆሙ ሁለት አዮኖች ይልቅ በክሪስታሉ ውስጥ ያለው የመሳሳብ ጉልበት 1.75 እጥፍ ገደማ ነው። ተመሳሳይ ቻርጅ ያላቸው እርስ በርስ እየተገፋፉም እንኳ፣ የሁሉም ድምር ከጥንዱ ይበልጣል።

ይህን ሲያውቁ የጨው ጠባይ ሁሉ ምክንያት ያገኛል። ለመቅለጥ 801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈልገው ስድስቱ ጎረቤቶች በቀላሉ ስለማይለቁ ነው። ሲመቱት ግን ይሰነጠቃል፤ አንዱ ንብር በሌላው ላይ ትንሽ ሲንሸራተት ፖዘቲቩ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቩ ከኔጋቲቭ ፊት ለፊት ይገጥምና ይገፋፋል። ወጥ ውስጥ የሚሟሟውም የውሃ ሞለኪውሎች እያንዳንዱን አዮን በተራቸው ስለሚከቡት ነው፤ ከክሪስታሉ የወጣ አዮን ያለ ጎረቤት አይቀርም።

ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተፈልጦ በግመል ወደ ደጋ የሚወጣው፣ ለዘመናት እንደ ገንዘብ ያገለገለው አሞሌም በዚሁ ሕግ የቆመ ነው። ለብቻው ሲሆን ውሃ ሲነካው የሚፋጀው ሶዲየም፣ እ.ኤ.አ. በ1915 በኢፕር የጦር ግንባር ወታደር የገደለው ክሎሪን፣ አዮን ሆነው ሲደረደሩ ለሰው ልጅ ሕይወት የግድ የሚያስፈልጉ ሆኑ።

ስለዚህ መምህራችን ቀስቱን አይሰርዝ፤ ኤሌክትሮኑ በእርግጥ ይሻገራል። ከጎኑ ግን ስድስቱን ጎረቤቶች ይሳል፤ የጎደለውን 147ም ይጻፍ። ልጁ ያኔ ስጦታው የትስስሩ መጀመሪያ ብቻ እንደሆነና ጨውን ጨው አድርጎ ያቆመው መሰባሰቡ መሆኑን በቁጥር ያያል።